በሁለቱ የኦርክኒ ደሴቶች መካከል ያለው የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ

ከስኮትላንድ በስተሰሜን በሚገኙት የኦርክኒ ደሴቶች ከዌስትሬይ እስከ ፓፓ ዌስትሬይ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 2 ነጥብ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3 ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር በመሆኑ፣ ሁለቱን ደሴቶች የሚያገናኘው መስመር ከዚህ አንድ ማኮብኮቢያ ያጥራል። በዓለም በመደበኛ የጊዜ ሰሌዳ ከሚከናወኑ የመንገደኞች በረራዎች አጭሩ በመሆንም በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል።

አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረው ሎጋንኤር የተሰኘው የስኮትላንድ አየር መንገድ ነው። በመስመሩ ላይ የሚታወቀው አውሮፕላን በአጭር ማኮብኮቢያ ተነስቶ ለማረፍ የተሠራው ባለሁለት ሞተሩ ብሪተን ኖርማን አይላንደር ሲሆን፣ 8 መንገደኞችን ይይዛል።

በጊዜ ሰሌዳ ለበረራው የተመደበው 2 ደቂቃ ነው። ይሁንና በመስመሩ ከ12,000 ጊዜ በላይ የበረሩትና እ.ኤ.አ. በ2013 በጡረታ የተሰናበቱት ካፒቴን ስቱዋርት ሊንክሌተር ጉዞውን በ53 ሰከንድ አጠናቀዋል። ይህ አኃዝ በየጊዜው ቢጠቀስም ለዕቅድ የሚያገለግል አይደለም። ያው ርቀት በ53 ሰከንድ ሲካፈል አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 183 ኪሎ ሜትር፣ በ2 ደቂቃ ሲካፈል ግን 81 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከርቀቱ ሳይሆን ከአሠራሩ ነው። በሠንጠረዥ የሚሰፍረው ርቀት ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው በምድር ገጽ ላይ የሚለካው አጭሩ መስመር ነው። አውሮፕላን ግን ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ስለሚነሳና ስለሚያርፍ፣ እንደ ነፋሱ አቅጣጫ ዞሮ ለመጓዝ ይገደዳል። በተጨማሪም አየር መንገዶች በጊዜ ሰሌዳቸው የሚያስቡት አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ ከተንቀሳቀሰበት እስከሚቆምበት ያለውን ጊዜ ሲሆን፣ የአየር ላይ ጊዜ የሚባለው ከመሬት ከተነሳበት እስካረፈበት ያለው ብቻ ነው። በረጅም በረራ ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም፤ እዚህ ግን ከበረራው ራሱ ሊበልጥ ይችላል።

የመለኪያ አሃዱም ያደናግራል። ይኸው ርቀት በየብስ ማይል 1 ነጥብ 7፣ በአቪዬሽን በሚሠራበት የባሕር ማይል ደግሞ 1 ነጥብ 5 ገደማ ነው። ሁለት ሰነዶች የተለያየ ቁጥር ይዘው ሲገኙ አንደኛው ተሳስቷል ከማለት በፊት አሃዱን ማየት ይገባል።

መስመሩ ለጎብኚዎች መዝናኛ ተብሎ የተዘረጋ አይደለም። ከደሴቶቹ ዋና ከተማ ከኪርክዎል የሚነሳው አውሮፕላን ሁለቱንም ደሴቶች ስለሚያዳርስ፣ አጭሩ በረራ የዚያ ረዘም ያለ ጉዞ አንድ ክፍል ነው። የፓፓ ዌስትሬይ ነዋሪዎች ከ100 አይበልጡም። ከደሴት ደሴት እየተዘዋወሩ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ሐኪሞችና ወደ ኪርክዎል ሆስፒታል የሚሄዱ ሕሙማን ይጠቀሙበታል። በመንገደኛ ብዛት ወጪውን የማይሸፍን በመሆኑም በሕዝብ አገልግሎት ግዴታ ሥርዓት ከመንግሥት ገንዘብ ይደጎማል።

በሁለቱ ደሴቶች መካከል በጀልባ መጓዝ 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የድጎማውን ተገቢነት ለመመዘን ግን 2 ደቂቃን ከ25 ጋር ማነጻጸር አይበቃም። ቀድሞ መገኘቱ፣ የሚቀጥለውን በረራ መጠበቁና በጭጋግ ወይም በኃይለኛ ነፋስ ምክንያት የሚሰረዘው ጉዞ ሁሉ የመንገደኛው ጊዜ ነው። ለሕመምተኛው ይበልጥ የሚጠቅመውም በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ደርሶ መመለስ መቻሉ ነው።