ራዳሩ ያላየው ዘመን

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ ዙሪያ ምድር ለሳምንታት ተንቀጠቀጠች። የክስተቱን ስፋት ገልጦ ያሳየው የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሳተላይት ኤንቪሳት ነበር። ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ የተወሰዱት የራዳር ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ሰርጎ በመግባት ከመሬት በታች ግራና ቀኙን እስከ 8 ሜትር እንዳራራቀ ታወቀ።

ራዳር እንደ ካሜራ ብርሃን አይጠብቅም፤ ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይመዘግባል። ያው ስፍራ ዳግም ሲለካ በተመላሹ ሞገድ ላይ የሚታየው ጥቃቅን ልዩነት መሬቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ተነሣ ወይም እንደ ሰጠመ ይናገራል። የዘዴው ብቃት ጎልቶ የታየው በ1992 በካሊፎርኒያ ላንደርስ በደረሰው መንቀጥቀጥ ነው። እንግዲህ የራዳሩ ትዝታ ከሠላሳ ጥቂት ዓመታት አይዘልም። አንድ ስንጥቅ ግን ለመቶ ዓመታት ተኝቶ ሊነቃ ይችላል።

ስለዚህ የአደጋ ካርታ የሚሠራ ሰው ወደ አሮጌው መዝገብ መመለሱ ግድ ነው። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ፣ ዜና መዋዕልንና የተጓዦችን ማስታወሻ ከአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ መዛግብት ጋር አገናኝተዋል። በ1961 ማጀቴን፣ በ1969 ሰርዶን ያፈረሱትን መንቀጥቀጦች ያየ ሳተላይት የለም። (ሰርዶን ዛሬ ከጭነት መኪና አሽከርካሪዎች በቀር የሚያስታውሳት ጥቂት ነው።) እነዚህን ዓመታት የዘለለ ካርታ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ለግንበኛ የሚያቀርበው ሐሰተኛ ጸጥታን ነው።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መባቻ በፈንታሌና በዶፈን መካከል የደረሰው ደግሞ ሌላ ጉድለት አጋለጠ። የሴንቲኔል 1 ምስሎች ቅልጥ አለቱ የሄደበትን መስመር አሳዩ፤ ምስሎቹም ለማንም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ነገር ግን ያን ጊዜ ሳተላይቱ በዚያው ምሕዋር ተመልሶ የሚያልፈው በየ12 ቀኑ ነበር፤ የአዋሽ ፈንታሌ ነዋሪ ቤቱን ጥሎ ለመውጣት መወሰን የነበረበት በሰዓታት ውስጥ ነው። የእያንዳንዱ ጎጆ ግድግዳ መሰንጠቁንም ያ ራዳር አይለይም፤ ያ በእግር ተዞሮ የሚቆጠር ነው።

በውጭ ያለን ባለሙያዎች ስንወያይ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ሐሳብ አዲስ የሳተላይት ማዕከል ማቋቋም ነው። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ሳያቋርጡ ለሚሠሩ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎችና መዝገባቸውን በየዕለቱ ለሚያነቡ ሰዎች ደመወዝ ነው። የከሰም ግድብ የቆመው ከዚያው ከፈንታሌና ከዶፈን አጠገብ ነው።