በዲኤንኤ ውስጥ ፕሮቲን ሠሪ ክፍሎችን በሲግናል ትንተና መለየት

የዲኤንኤ ፊደላትን ወደ ቁጥር ለውጦ፣ የፕሮቲን መመሪያ የያዙትን ክፍሎች በድግግሞሻቸው የሚፈልግ የሂሳብ ዘዴ ነው።

ዲኤንኤ በአራት ፊደላት ይጻፋል፦ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ። እያንዳንዱ ፊደል በተገኘበት ቦታ 1፣ በሌለበት 0 ይሰጠዋል። ለምሳሌ «ኤቲጂጂሲኤ» ለኤ ሲሰላ 100001 ይሆናል። ፕሮቲን ሠሪው ክፍል ሦስት ሦስት ፊደል እየተያዘ ይነበባል፤ ፊደላቱም በሦስቱ ቦታዎች እኩል አይከፋፈሉም። ስለዚህ ቁጥሮቹ በፎሪየር ትራንስፎርም (ድግግሞሽን በሚያወጣ ስሌት) ሲተነተኑ በየሦስት ፊደሉ የሚመላለስ ጠንካራ ምት ይወጣል። ብዙ ጊዜ 351 ፊደል የሚይዝ መስኮት በዲኤንኤው ላይ እየተንሸራተተ ምቱን ይለካል፤ ምቱ በኤክሶን (ፕሮቲን ሠሪው ክፍል) ላይ ይጎላል፣ በኢንትሮን (በኤክሶኖች መካከል ያለው ፕሮቲን የማይሠራ ክፍል) ላይ ይደክማል። ቲዋሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ዘዴውን ለጂን ፍለጋ አውለውታል።

ትልቁ ጥቅሙ አስቀድሞ የታወቀ ጂን አለመጠየቁ ነው። አጫጭር ኤክሶኖች ግን ያመልጡታል፤ ስለዚህ ያለ አርኤንኤ (ከጂን የሚቀዳ መልእክት) ማስረጃ ብቻውን ሊታመን አይገባም።

ጉዳዩ ለመርሳ ከተማ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ማሽላን ያሻሽላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የማሽላ ጂኖም 730 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ አብዛኛው ፕሮቲን ስለማይሠራ ሠሪዎቹን ክፍሎች መለየት ያስፈልጋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የተሳተፉበት ቡድን ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ማሽላን አቀንጭራ ከተባለው ጥገኛ አረም የሚከላከለውን ለውጥ ያገኘው በዚህ ዘዴ ሳይሆን በዝርያ ማዳቀልና በጂን ካርታ ነበር። ለውጡ ያለው ኤልጂኤስ1 በተባለ ጂን ላይ ነው፤ ጂኑ ሲጠፋ የማሽላው ሥር የአቀንጭራን ዘር በደንብ አያበቅልም።