ሰባት ሰውና የደንገጎ ዳገት

ድሬዳዋ ላይ የቤተሰብ መኪና የሚፈተነው ከከዚራ እስከ ሳቢያን ባለው ሜዳ አስፋልት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ ተቀምጣለች። ወደ ሐረር፣ ወደ ሐሮማያ ወይም ወደ ቁልቢ የሚሄድ ሰው ከተማውን እንደለቀቀ የደንገጎን ዳገት ይጀምራል፤ ሐሮማያ ሲደርስ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ፣ አለዚያም በዒድ ሰሞን ሐረር ያለ ዘመድ ለመጠየቅ፣ አያት ከፊት ይቀመጣሉ፣ ልጆች ከኋላ ይደረደራሉ፣ ስንቁና ብርድ ልብሱ በተገኘው ክፍተት ይሸጎጣል። ያለችው መኪና ጠባብ ሆናበት ሰፋ ያለች ያገለገለች መኪና የሚፈልግ የድሬ አባወራ በልቡ የያዘው ይህን ቀን ነው።

እኔም ሰፊ የምለው ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ያንን ዳገት ውኃ ሳያፈላ የሚወጣውን መኪና ነው። መስፈርቱ የኔ ፈጠራ አይደለም። የከተማዋን የመኪና ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ያየ ሰው፣ ድሬዎች ለረጅም ዘመን ሲመርጡ የኖሩት በዚሁ እንደነበር ያገኘዋል።

ከተማዋ ራሷ የዳገቱ ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ተራራው ግን ለባቡር አልመች አለ። ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ደርሶ ቆመ፤ በቦታው የተቆረቆረችውም ከተማ በመጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ተባለች። አዲስ አበባ ለመድረስ ሐዲዱ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ባቡሩ ዳገቱን ስላልወጣ፣ ከድሬዳዋ ሽቅብ ያለው ጉዞ መጀመሪያ ለአጋሰስና ለግመል፣ ኋላም ለመኪና ቀረ። ከባቡሩ ጋር ደግሞ ጥገና ቤቱ መጣ። ብየዳ፣ ቶርኒዮ፣ ብረት ማቅለጥና መገጣጠም በዚያ ግቢ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ሆነ። ይህ ሙያ ለመኪናው ታሪክ ምን ያህል እንደጠቀመ ብዙ አይነገርለትም፤ በኔ እምነት ግን ከማንኛውም አስመጪ የበለጠ የድሬን መኪኖች በሕይወት ያቆየ እርሱ ነው።

መሥመሩ የፈረንሳይ ኩባንያ፣ ወደቡም የፈረንሳይ ወደብ በነበረበት ዘመን ፔጆ በዚህ በር መግባቱ አይደንቅም። የሚደንቀው መቆየቱ ነው። ፔጆ 404 በእ.ኤ.አ. 1960 ተሠርቶ ወጣ፤ የውጭ መልኩን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። በፈረንሳይ የቤት መኪናው ምርት በእ.ኤ.አ. 1975 ቆመ። በሐረርና በድሬዳዋ ግን ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ታክሲ ሆኖ፣ ፋብሪካው ከተወው ከአሥርት ዓመታት በኋላም ሰው ያመላልስ ነበር። ስለ ሐረር የጻፉ የውጭ ተጓዦች ከግንቡና ከጅቦቹ ቀጥሎ ያስተዋሉት ፔጆዎቹን ነው።

ለምን ቆየ? በ1,618 ሲሲ ሞተሩ ጉልበተኛ የሚባል አልነበረም። ሁለቱን የጎማ መሥመሮች፣ የፊቱንና የኋላውን፣ የሚለያየው ርቀት ግን 2.65 ሜትር ነው። የተሳፋሪ ስፋት የሚወለደው ከዚህ ርቀት ነው፤ ከመኪናው ጠቅላላ ርዝመት ሳይሆን። ማርሹ ከመሪው ሥር ስለሆነ የፊት ወንበር መሐሉ ባዶ ነው፣ ሦስተኛ ሰው ይገባበታል። ሞላው ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ ጭነት ሲበዛበት ዝቅ ይላል እንጂ አይነጥርም። መኪናውን የሚገፋው የኋላ እግሩ ነው፤ የሞላ መኪና ዳገት ሲይዝ ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ የሚገፋው ጎማም መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። በዚህ ላይ የቤተሰብ ተብሎ የተሠራው ባለ ሦስት ረድፍ ወንበሩ 404 አለ፤ የጎማዎቹ ርቀት ወደ 2.84 ሜትር ተዘርግቶ ሰባት ሰው በሥርዓት ያስቀምጣል። ዛሬ ገዢዎች "ሰባት ወንበር" ሲባል እንደ አዲስ ነገር ይሰሙታል፤ በዚህ አገር መንገድ ላይ ግን የቆየ ነገር ነው።

የ404 ጽናት ሌላ ምሥራቅ አፍሪካዊ ምስክር አለው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን በእ.ኤ.አ. 1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 ያሸነፈው ይኸው መኪና ነው። በ1963ቱ ውድድር ከተነሡት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ፤ በ1968ቱም ከ93 የጨረሱት 7። በጭቃና በጉድጓድ የተረፈ መኪና ጋራዥ ውስጥም ይተርፋል፤ ኮምፒውተር የለበትም፣ ካርቡራተሩ በእጅ ይፈታል፣ የጠፋ ዕቃ ቶርኒዮ ላይ ይወጣል። ድሬ ደግሞ ቶርኒዮውም ባለሙያውም ነበራት።

በደርግ ዘመን ወደ አገር የሚገባው የቤት መኪና ምርጫ ጠበበ። ላዳ በዛ። ላዳ በፊያት 124 ላይ የተመሠረተ ጠንካራ መኪና ነው፣ ታክሲ ሆኖም አገር አገልግሏል፤ የቤተሰብ ስፋትን በተመለከተ ግን ከፔጆው ያለፈ ነገር አላመጣም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በሕግ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 መኪናን በሞተሩ ከፈለው፤ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ 100 በመቶ። ይህ ታክስ ጉምሩክ ቀረጡ ላይ ሲደራረብ የደሞዝተኛውን ቤተሰብ ምርጫ ወስኖ ጨረሰው። አገሩ ሁሉ ወደ አንድ ሺህ ሲሲ ወረደ። ቪትዝ የነገሠችው ያን ጊዜ ነው።

ቪትዝን አላጣጥላትም። የመጀመሪያዋ በእ.ኤ.አ. 1999 ስትወጣ 3.61 ሜትር ርዝመት ውስጥ አራት አዋቂ ያለ ጭንቀት ያስቀመጠች ብልህ መኪና ነበረች፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ በ2000 የዓመቱ መኪና ተብላለች። ነገር ግን የጎማዎቿ ርቀት 2.37 ሜትር ነው፣ ከፔጆው በ28 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ይህ ልዩነት የሚሰማው የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ጉልበት ላይና ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ኤሲው ተከፍቶ፣ አምስት ሰው ተሳፍሮ፣ በግንቦት ሙቀት ደንገጎን ስትወጣ አንድ ሺህ ሲሲዋ ምን ያህል እንደሚጨነቅ የሞከረ ያውቀዋል። ኤሲ አጥፍቶ መስኮት ከፍቶ የሚወጣ መኪና ለአዲስ አበባ ሰው ቀላል ጉዳይ ይመስል ይሆናል፤ ድሬ ላይ ግን ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ "አቦ፣ ኤሲው ይሠራል?" ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቪትዝ በሚል ስም ትሸጥ የነበረው ጃፓን ውስጥ ነው፤ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ መሪዋ በግራ የሆነ ቪትዝ በብዛት ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ የተዞረች ናት። መዞር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በጥንቃቄ የተሠራም በችኮላ የተሠራም አለ። ገዢ ማየት ያለበት ዳሽቦርዱ ሲነካ ይነቃነቅ እንደሆነ፣ የዝናብ መጥረጊያው ከሾፌሩ ፊት ያለውን መስታወት ጥግ ሳይጠርግ ይተው እንደሆነ፣ ኤርባጉ በእርግጥ በቦታው መኖሩን፣ መሪው ከዳሽቦርዱ ሥር የተበየደ ብረት ላይ የተያዘ እንደሆነ ነው። ልጆቹን የሚጭንበት መኪና ነውና ደላላው ቢቸኩልም አይቸኩል።

ሰፋ ያለውን ፍለጋ የሚሄድ ቤተሰብ ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው አቫንዛ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ሆና የታወቀችው ይህች መኪና የመጀመሪያው ትውልዷ በእ.ኤ.አ. 2003፣ ሁለተኛው በ2011 ወጥቷል። 4.14 ሜትር ብቻ ርዝመት ያላት ሁለተኛዋ አቫንዛ የጎማዎቿ ርቀት 2.655 ሜትር ነው፤ ከ404 ጋር በግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይለያያሉ። እርሷም የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው። 1.3 ሊትር የሆነው ሞተሯ ደግሞ ከዚያ የ1,300 ሲሲ መሥመር ሥር ይወድቃል። ኢንዶኔዥያ ለራሷ ቤተሰቦችና ለራሷ ዳገቶች የሠራችው መኪና የድሬን አሮጌ መስፈርት እንዲህ መግጠሙ ደስ ይላል። በእ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ግን በፊት እግሩ የሚጎተት ሆኗል፤ ከተማ ውስጥ ይሻላል፣ ጭነት ከኋላ ይዞ ኮረት ያለበት ዳገት ላይ የፊት ጎማው ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም፣ ቢያንስ ለቁልቢ መንገድ።

የሰባት ወንበርን ስሌት ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሰባት አዋቂ በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝን 490 ኪሎ ነው፤ የአቫንዛን የራሷን ክብደት ግማሽ ይጠጋል። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከኋላው የሚቀረው የዕቃ ቦታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ስንቁ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል። ፖርቶመጋላ ላይ የወጣ ሸክም ደግሞ መኪናውን ከላይ ያከብደዋል፣ ጠመዝማዛው ላይ ያወዛውዘዋል። አምስት ሆኖ የሚሄድና አልፎ አልፎ ብቻ ሰባት የሚሆን ቤተሰብ ኋላውን አጥፎ ለዕቃ ቢጠቀምበት ይሻለዋል። ሁልጊዜ ሰባት የሚሆን ቤተሰብ ደግሞ ከአቫንዛ ሰፋ ያለችውን ኤርቲጋን ይመልከት፤ የሱዙኪው ሁለተኛው ትውልድ የጎማዎቹ ርቀት 2.74 ሜትር ነው። በተቃራኒው የዚያው የሱዙኪ ዲዛየር ብዙ ጊዜ "ሰፊ" እየተባለች ትሸጣለች፤ ኮፈኗ ሲከፈትም ዕቃ መጫኛዋ ሲታይም ደስ ትላለች፣ ወንበሯ ግን አምስት ነው። ርዝመቷ ከአራት ሜትር በታች ሆኖ የተቆረጠው በህንድ የታክስ ሕግ ምክንያት ነው። የሕግ መቀስ የቤተሰብን ወንበር የሚያሳጥረው እኛ ዘንድ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

ሲገዛ መሞከሪያው ቀላል ነው። መኪናውን ብቻውን ነድቶ "ጥሩ ነው" ማለት አይበቃም። ቤተሰቡ ይሳፈር። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር ይነጻጸር፣ ቦሎው ይታይ፣ ከዚያ በቀትር ኤሲው ተከፍቶ እስከ ደንገጎ ይወጣ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሐል ወደ ላይ ከተነቃነቀ ራዲያተሩ፣ ፋኑ ወይም የውኃ ፓምፑ ድክመት አለው፤ ከዚህ ቀደም ደጋግሞ ፈልቶ ከሆነ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ቀዝቅዞ የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት ውኃው ላይ ዘይት ከታየ ወይም የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ቅባት ካለ፣ ዋጋውን መቀነስ ሳይሆን መኪናውን መተው ነው የሚሻለው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቆ ሊሆን ይችላል። ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬኑን ይፈትናል፤ በታችኛው ማርሽ ይወረድ፣ ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ጠሟል። ከኋላ የተጫነ መኪና በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ቂጡ ከመታ ሞላው ደክሟል፤ ሞላ መቀየር ይቻላል፣ ወጪው ግን ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

የገበያው ሚዛን በቅርብ ዓመታት ዳግም ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 አነስተኛ ሞተር ያለውን አዲስ መኪና ታክስ እስከ 5 በመቶ አወረደው፤ ያገለገለውን ግን በዕድሜው ልክ እያከበደ ከድንበሩ እንዲርቅ አደረገው። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ውጤቱ ለድሬ ቤተሰብ ግልጽ ነው፤ አገር ውስጥ ያለው አቫንዛና ቪትዝ ተተኪ የሌለው ሆነ፣ ባለቤቱም አጥብቆ ያዘው። መኪናን ከዓመቱ ሞዴል ይልቅ በጥገናው ታሪክ መመዘን ከበፊቱ ይልቅ አሁን ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ መኪናው እየገባ ነው። ሰባት ሰው የሚይዘው የቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ፣ 4.9 ሜትር ገደማ የሚረዝም ትልቅ መኪና ነው፤ እንደ አቫንዛ ትንሽ ሆነው ሰፊ ከሆኑት ተርታ አይገባም። ሆኖም ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አያደክመውም፤ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ከወጣበት ኃይል ጥቂቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የሚያሰጋው የድሬ ሙቀት ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። ያገለገለ ኤሌክትሪክ የሚገዛ ሰው ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ ስንት በመቶ እንደቀረው በመሣሪያ አስነብቦ ይወቅ፤ ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ይሁን በአየር ብቻ ይጠይቅ። ቤተሰቡን ጭኖ ሐሮማያ ደርሶ ሲመለስ ከባትሪው ስንት በመቶ እንደወሰደ በወረቀት ይጻፍ። ሻጩ ይህን ሙከራ ካልፈቀደ ሌላ መኪና ይፈለግ።