የባለክንፎቹ ካርታ ዕድሜ

የታሮት ካርታ ከፈርዖን ካህናት ሲወርድ ሲዋረድ መጣ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሣጥኑን ገልብጬ የታተመበትን ዓመት አነባለሁ። በማተሚያ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ወረቀቱን ሳልዳስስ፣ የጠርዙን አቆራረጥ ሳላይ ስለ ይዘቱ መናገር አይሆንልኝም። አሁን የምኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ ነው። እዚህ የመጻሕፍት መደብር በገባሁ ቁጥር ክንፍ ያላቸው ትንንሽ የተረት ፍጡራን፣ ፌሪ የሚሏቸው፣ የተሳሉባቸው የታሮት እሽጎች ከፊት ተደርድረው አያለሁ። ሁሉም ስለ ጥንታዊነት ያወራሉ። የእነዚህ ካርታዎች ታሪክ ግን ከሚወራው በጣም ያጠረ ነው፤ ደግሞም ከሚወራው ይበልጣል።

ታሮት የተወለደው በሰሜን ጣልያን፣ በሚላኖና በፌራራ መኳንንት ቤት፣ እ.ኤ.አ. ከ1440 ገደማ ነው። ተራው መጫወቻ ካርታ ቀደም ብሎ ግብፅን ይገዙ ከነበሩት ከማምሉኮች ግዛት ወደ አውሮፓ ገብቷል፤ ጽዋ፣ ሰይፍ፣ ሳንቲምና በትር ይዞ። ስለዚህ ግብፅ በታሪኩ ውስጥ አለችበት፤ የፈርዖኗ ሳትሆን የሱልጣኖቿ ግብፅ። ጣልያኖቹ በላዩ ላይ ሌላውን ሁሉ የሚያሸንፉ ሥዕላዊ ካርታዎች ጨመሩ። በኋላ የጸናው ቁጥር 78 ነው፤ 56 ተራ፣ 22 ደግሞ እንደ ሞት፣ ፀሐይና ሰይጣን ያሉ ባለ ሥዕሎች። ሚላኖን ለገዙት ለቪስኮንቲና ለስፎርዛ ቤተሰብ በእጅ ተሥለው በወርቅ ከተለበጡት እሽጎች ከአንዱ 74 ካርታዎች ተርፈዋል፤ 35ቱ ኒው ዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ጌቶቹ ይህን ሁሉ ወርቅ ያፈሰሱት ለጨዋታ ነበር። ፈረንሳዮች ዛሬም በታሮት ካርታ ይጫወታሉ፤ የሚቆጥሩት ነጥብ እንጂ ዕጣ ፈንታ አይደለም።

የፈርዖኑ ወሬ አባት ማን እንደሆነ ይታወቃል። በ1781 አንትዋን ኩር ደ ዤብላን የተባለ ሊቅ ታሮት የግብፅ ካህናት ከጥፋት ያተረፉት የጥበብ መጽሐፍ ነው ብሎ ፓሪስ ላይ ጻፈ። ያን ጊዜ የጥንቱን የግብፅ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው በምድር ላይ አልነበረም፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖሊዮን የፈታው በ1822 ነው። ታዲያ ማን ያስተባብለው? አልዬት የሚባል የፓሪስ ሰው ደግሞ የስሙን ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ ኤቴያ ተባለና በካርታ መጠንቆልን መተዳደሪያው አደረገ። በ1785 ማስተማሪያ መጽሐፍ አወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ለጨዋታ ሳይሆን ለጥንቆላ ተብሎ የተሠራ እሽግ አሳተመ። ካርታው ከተወለደ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ዛሬ የምናየው መልክ የመጣው ግን ከአንዲት ሴት እጅ ነው። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ለንደን ተወልዳ፣ ከልጅነቷ ከፊሉን ጃማይካ ያሳለፈች ሠዓሊ ናት። የጃማይካን የሸረሪቱን የአናንሲን ተረቶች በ1899 በመጽሐፍ አሳትማለች፤ ከቴአትር ሰዎችም ጋር ሠርታለች። በ1909 የምሥጢራዊ ትምህርት ጸሐፊው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ሐሳቡን ሰጥቷት ሥዕሉን ሁሉ እሷ ሠራች። ከእሷ በፊት በአብዛኞቹ እሽጎች አምስት ሳንቲም ማለት አምስት ሳንቲም ተሥሎበት የሚያልቅ ካርታ ነበር። የእሷን አምስት ሳንቲም ብታዩ በረዶ ይወርዳል፤ አንዱ በምርኩዝ፣ አንገቱ ላይ ቃጭል አንጠልጥሎ ያዘግማል፤ ከፊቱ ሴት ባዶ እግሯን፣ ነጠላ ነገር ተከናንባ ትሄዳለች። በላያቸው የቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስኮት በርቷል፤ ሁለቱም ቀና ብለው አያዩትም። በሩ የት እንዳለ ሥዕሉ አያሳይም። ቤተ ክርስቲያኗ በር ነስታቸው ነው ወይስ እነሱ አላዩትም? ካርታ ገላጮች መቶ ዓመት ሙሉ የተከራከሩት ስሚዝ በተወችው በዚያ ክፍተት ነው።

ለፎቶግራፍ አንሺው ለአልፍሬድ ስቲግሊትዝ በጻፈችው ደብዳቤ ትልቅ ሥራ በትንሽ ገንዘብ መጨረሷን ነግራዋለች። እሽጉ በአሳታሚውና በዌይት ስም «ራይደር ዌይት» ተባለ፤ የእሷ ስም የቀረው በካርታዎቹ ጥግ ላይ ባስቀመጠችው ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። በ1951 ኮርንዎል ውስጥ ስትሞት ዕዳ ነበረባት። በማተሚያ ቤት ለቆየ ሰው ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም፤ ሽፋን የሠራ ልጅ ስሙ ሳይጻፍ ሲቀር ስንቴ አይተናል።

ፌሪዎቹስ? እነሱ ቀድሞ የሚያምሩ አልነበሩም። ገበሬው ይፈራቸው ነበር፤ ሕፃን ይሰርቃሉ፣ ጤነኛውን ወስደው በምትኩ ሕመምተኛ ያስቀምጣሉ ይባል ነበር። በ1895 አየርላንድ፣ ቲፐራሪ ውስጥ ብሪጅት ክሊሪ የምትባል ልብስ ሰፊ ታመመች። ባሏ ይህች እውነተኛ ሚስቴ አይደለችም፣ ፌሪዎች የለወጧት ናት ብሎ በእሳት አቃጥሎ ገደላት። በዚያው ዘመን የለንደን ሠዓሊዎች ፌሪን አሳንሰው፣ የቢራቢሮ ክንፍ ተክለውላት ለልጆች መጽሐፍ ያቀርቧት ነበር።

የመጨረሻው ለውጥ የሆነው እኔ ከምኖርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ብራድፎርድ አጠገብ ኮቲንግሌይ በምትባል መንደር ነው። በ1917 የ16 ዓመቷ ኤልሲ ራይትና የ9 ዓመቷ የአክስቷ ልጅ ፍራንሲስ ግሪፊትስ ወንዝ ዳር ፌሪዎችን ፎቶ አነሳን አሉ። ሸርሎክ ሆምስን የፈጠረው አርተር ኮናን ዶይል አመነ፤ በ1920 በታወቀ መጽሔት ላይ ጻፈ፣ በ1922 መጽሐፍ አወጣ። ልጆቹ እውነቱን የተናገሩት በ1983፣ ካረጁ በኋላ ነው። ኤልሲ ፌሪዎቹን ከአንድ የልጆች መጽሐፍ አይታ በወረቀት ላይ ሥላ፣ በመቀስ ቆርጣ፣ በባርኔጣ መርፌ አቁማቸዋለች። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የኮናን ዶይልም አጭር ልቦለድ ታትሟል፤ የሥዕሎቹን መመሳሰል ግን አላስተዋለም። ካሜራዎቹ ዛሬ በብራድፎርድ ሙዚየም ይገኛሉ። ዓለምን ያሳመኑት ፌሪዎች እንደ ካርታው ወረቀት ነበሩ።

ሁለቱ ወረቀቶች የተገናኙት በእኛ ዕድሜ ነው። በ1978 ብራያን ፍራውድና አለን ሊ ስለ ፌሪዎች ባወጡት መጽሐፍ ጥርሳሞቹንና አስቀያሚዎቹን መለሷቸው፤ ፍራውድ በ2000 የራሱን የፌሪ ካርታ አወጣ። ሌሎቹ ግን ጣፋጩን መንገድ መረጡ። በመልአክና በፌሪ ካርታዎቿ የታወቀችው አሜሪካዊት ዶሪን ቨርቹ በ2015 የፌሪ ታሮት አሳተመች፤ በ2017 ክርስትናን ተቀብላ ሥራዋን በሙሉ ካደች። ካርታዋን የገዙ ሰዎች ከነካርታቸው ቀሩ።

የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለ እሽግ ገዝታለች። እናቷ ጥንቆላ ነው ትላለች፤ እሷ የጥንት ጥበብ ነው ትላለች። ለእናትየው ሲጀመር ጨዋታ እንደነበረ ነገርኳት፤ ለልጅቷ ግን የስሚዝን እሽግ አምጥቼ ካርታ በካርታ ጎን ለጎን ደረደርኩላት። በልጅቷ እሽግ አምስት ሳንቲም ላይ አንዲት ፌሪ ቅጠል ሥር ተጠልላ ፈገግ ትላለች፤ መመሪያው እርዳታ ቅርብ ነው ይላል። በረዶው የለም፣ ምርኩዙ የለም፣ ባዶ እግሯን የምትሄደው ሴት የለችም። ሞት የሚለው ካርታም «መልቀቅ» ተብሏል።

«ታዲያ ይሄ ውሸት ነው ማለት ነው ጋሼ?» አለችኝ።

ውሸት አይደለም፤ የተቀነሰ ነው። ከእንዲህ ያለ እሽግ ጋር መቀራረብ የሚፈልግ ሰው መመሪያውን ከመሸምደዱ በፊት ሠዓሊው ምን እንዳስቀረ ይፈልግ። ሞትን «መልቀቅ» ያለው ሰው ለሐዘንተኛው አስቦ ነው ወይስ ለገበያው? አንዳንዱ በእርግጥ አስቦ ነው፤ ቅጠል ሥር መጠለልም ለቸገረው ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ግን መስኮት ሥር በረዶ ላይ የሚሄዱትን ሁለቱን ያላየ ሰው የፌሪዋ ቅጠል ከምን እንደሚያስጠልል አያውቅም። ልጅቷ አሁን ሁለቱንም እሽጎች ይዛ ነው የምትቀመጠው፤ መጀመሪያ የስሚዝን ታያለች፣ ከዚያ ፌሪዋን ትጠይቃለች።