ጎጃምን ከላይ ያዩ ካሜራዎች

ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ ደምበጫ መንገድ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለውን 27 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት ዶክተር ገቴ ዘለቀና ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ አጥንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፦ በ1957 ከዚህ መሬት 27 በመቶው የተፈጥሮ ደን ነበር። በ1982 የተረፈው 2 በመቶ፣ በ1995 ደግሞ 0.3 በመቶ ብቻ ነው። የታረሰው መሬት በአንጻሩ ከ39 ወደ 77 በመቶ አድጓል። ይህን የጠፋ ደን መጠን ሽማግሌ በቃሉ ሊነግረን አይችልም፤ በግብር መዝገብም አልሰፈረም። የ1957ቱ ምስክር ከአውሮፕላን ሆድ ቁልቁል የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው።

ከሰማይ ስለተነሣ ፎቶ ሲወራ ሰው ሁሉ ስለ አውሮፕላኑ ይጠይቃል። እኔን የሚያጓጓኝ ግን ካሜራው የት ታስሮ እንደነበር ነው። በሰው እጅ ተይዞ? አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ተገጥሞ? ወይስ ከአውሮፕላኑ ዘሎ በሚወርድ ሰው ራስ ላይ ተጠፍሮ? ቦታው በተለወጠ ቁጥር የምናየው አገርም ይለወጣል። ደምበጫንና ቡሬን ለሚያውቅ ሰው ይህ የቴክኒክ ወሬ ብቻ አይደለም።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ያረፈው ኦገስት 18 ቀን 1929 ነው። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ አዲስ አበባ በጃንጥላ የሚወርድ ሰው አየች። ሰውየው ሁበርት ጁሊያን ይባላል፤ ትሪኒዳድ ተወልዶ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ላይ ስሙ የገነነ ጥቁር አብራሪ ነው። በ1930 በንጉሥ ተፈሪ ፊት ከአውሮፕላን ዘሎ በሰላም ወረደና ተሸለመ። ክብሩ ግን ብዙም አልቆየለትም። የዘውዱ በዓል ሲቃረብ የንጉሡን ትንሽ አውሮፕላን፣ ጂፕሲ ሞዟን፣ ከስክሶ ከአገር ተባረረ። እነ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በዚያው ጊዜ በረራ ተምረው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቅተዋል። በዚያ ዘመን ዘላዩን ፎቶ የሚያነሣው ምድር ላይ የቆመ ሰው ነበር። ካሜራው ከባድ ነው፤ የዘላዩ ሁለት እጆች ደግሞ ለጃንጥላው እንጂ ለሌላ ሥራ አይተርፉም።

ካሜራ ይዞ የመጣው ሌላ ሰው ነው። ዋልተር ሚተልሆልዘር አብራሪ ከመሆኑ በፊት ፎቶግራፍ አንሺነትን የተማረ ስዊዘርላንዳዊ ነበር። ስዊስኤርን ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በ1930 መጀመሪያ ላይም በኪሊማንጃሮ አናት ላይ በርሮ አልፏል። በ1934 አፄ ኃይለ ሥላሴ የገዙትን ባለ ሦስት ሞተር ፎከር አውሮፕላን ራሱ እያበረረ ከዙሪክ ወደ አዲስ አበባ አመጣ። እግረ መንገዱንም አገሩን ከላይ ፎቶ አነሣ። ኔጋቲቮቹ ዛሬ ዙሪክ በሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ማንም ሰው ሊያያቸው ይችላል። በብዙዎቹ መግለጫ ላይ የተነሡበት ከፍታ በሜትር ተጽፏል። ይህ የባለሙያ ልማድ ነው፤ ከፍታው ካልታወቀ ከላይ የተነሣ ፎቶ ከጌጥነት አያልፍም።

ካሜራን በእጅ ይዞ ከአውሮፕላን ማንሣት የራሱ ጥበብ አለው። ክርን ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ከተነካካ የሞተሩ ንዝረት በክንድ በኩል አልፎ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ አንሺው ትከሻውን አላልቶ፣ ክርኖቹን ከደረቱ ጋር አጣብቆ፣ ገላውን እንደ ስፕሪንግ ያደርገዋል። ሌንሱ ከመስኮቱ አልፎ ከወጣ ነፋሱ ይመታዋል። አብራሪው ክንፉን ዘንበል አድርጎ እይታውን ይከፍትለታል፤ ሹተሩ ፈጣን መሆን አለበት፤ ትኩረቱ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ሩቅ ላይ ተቆልፎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ፎቶ አገሩን ከጎን ነው የሚያየው። ተራራው ፊት ይኖረዋል፣ ገደሉ ጥላ ይጥላል፣ አድማስም ይታያል። ለዓይን ከዚህ የተሻለ የለም። ለመለካት ግን አይሆንም፤ ቅርብ ያለው ማሳ ይገዝፋል፣ ሩቅ ያለው ይኮሰምናል። በዚህ ዓይነት ፎቶ የደምበጫን ደን በመቶኛ ማውጣት ከግምት አያልፍም።

ልኬቱን ያመጣው ጦርነት ነው። የጣሊያን ጦር የጂኦግራፊ ተቋም ከ1935 እስከ 1941 ኢትዮጵያን ከአየር አነሣ። የፎቶዎቹ ቅጂዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተረስተው ቆይተው በኋላ በተመራማሪዎች ተለይተው ወጥተዋል። ሲቆጠሩ 8,281 ጠንካራ ሰሌዳዎች ሆነው ተገኙ። አንዱን ሰሌዳ እንየው። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የመለያ ወረቀትና አራት ፎቶዎች ተለጥፈውበታል። አንደኛው ቀጥታ ቁልቁል ያያል ማለት ይቻላል። ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በመጠኑ ያጋደሉ ናቸው። አራተኛው ይበልጥ አጋድሎ እስከ ሩቅ ያያል። ማለትም ሚተልሆልዘር በእጁ ይሠራው የነበረውን የጎን እይታና ካርታ ሠሪ የሚፈልገውን የቁልቁል እይታ በአንድ ጊዜ ይሰበስባሉ። የመሣሪያው ብልህነት አይካድም። ማን ለምን እንደገዛው ግን መዘንጋት የለበትም፤ የሚፈልጉት መንገድ፣ ምሽግና የአርበኛ መሸሸጊያ ነበር።

ታሪክ ግን ሳይታሰብ ይክሳል። ከእነዚያ ፎቶዎች መካከል በ1938 በደቡብ ጎንደር የተነሡትን ወስደው ተመራማሪዎች ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር አነጻጽረዋል። የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዘመኑን ተቋቁመው ሲቆዩ፣ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ግን ወደ እርሻና ግጦሽ ተለውጦ አገኙት። ወራሪ ለጦር ያነሣው ፎቶ የደብር ዛፍ ምስክር ሆነ።

የምዕራብ ጎጃም ሰማይ ራሱ በጦርነቱ የታወቀው በሌላ ነገር ነው። ኖቬምበር 20 ቀን 1940 የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሜጀር ዊንጌት ከሱዳን በርሮ በሰከላ ደጋ ለጊዜው በተጠረገ ሜዳ ላይ አረፈ፤ አስቀድሞ ጎጃም ገብቶ ከነበረው ከኮሎኔል ሳንድፎርድ ጋርም ተገናኘ። ከላይ የሚወርደው ደግሞ ቦምብ ብቻ አልነበረም፤ የንጉሡ ማኅተም ያለበት የአዋጅ ወረቀትም ነበር። ማርች 4 ቀን 1941 የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ ወጣ። ያን ያህል ካሜራና አውሮፕላን የነበረው ሠራዊት ፊቱ የቆመው ጦር ከእሱ እጅግ ያነሰ መሆኑን አላወቀም። ከላይ ማየት ሁልጊዜ ማወቅ አይደለም።

ወደ 1957 እንመለስ። በዚያ ዓመት የተነሡት ፎቶዎች ስኬላቸው 1፡50,000 ገደማ ነው፤ ፎቶው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ይሆናል። በ152 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህን ስኬል ለማግኘት አውሮፕላኑ ከመሬት 7,600 ሜትር ከፍ ብሎ መብረር አለበት። ካሜራው ወለሉ ላይ በተቆረጠ ቀዳዳ ቁልቁል ተገጥሞ በራሱ ጊዜ ይተኩሳል፤ እያንዳንዱ ፎቶም ከቀዳሚው 60 በመቶ ገደማ ይደራረባል። የዚህ ድርርብ ምስጢር ስቴሪዮስኮፕ ላይ ሲታይ ይገለጣል። ሁለት ተከታታይ ፎቶዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በሁለቱ ትንንሽ ሌንሶች ቁልቁል ሲመለከቱ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ድርብ ነው። ከዚያ አንደኛውን ወረቀት በጣት ገፋ ሲያደርጉት ምስሉ ድንገት ይገጥምና መሬቱ ይነሣል። ሸለቆው ይጎደጉዳል፣ ሸንተረሩ ወደ አፍንጫ ይጠጋል፣ ደን የነበረው ጥቁር ቦታ እንደ በግ ሱፍ ይጎፈራል። ስድስት ሜትር ስፋት ያለው ጎጆ ግን ከሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሰው ጭራሽ አይታይም። የቁልቁሉ ካሜራ ደኑን በሄክታር ይሰጥሃል፤ ደኑን የቆረጠውን ሰውና ምክንያቱን አይሰጥህም።

አሁን ካሜራው ወደ ሰው ራስ ይውጣ። በኢትዮጵያ የጃንጥላ ዝላይ በዋናነት የወታደር ሙያ ሆኖ ቆይቷል፤ አየር ወለድ ሲባል ደብረ ዘይት ትዝ የሚለው ብዙ ነው። የወታደር ዝላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ ጋር በተያያዘ ገመድ የሚከፈት ነው፤ ዘላዩ ከበሩ እንደወጣ ጃንጥላው ይዘረጋል። ለቀረጻ የሚሆን ነፃ ውድቀት የለውም ማለት ነው። በ1960 አሜሪካዊው ጆሴፍ ኪቲንገር ከባሉን ላይ ከ31 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲዘል እንኳ፣ ዓለም የሚያውቀውን ፎቶ ያነሣው ባሉኑ ላይ የቀረ አውቶማቲክ ካሜራ ነው። ካሜራውን ራሳቸው ላይ አስረው ከዘለሉት ውስጥ ስሙ የሚነሣው ካርል ቦኒሽ ነው። ለ1969ኙ የሆሊውድ ፊልም የሰማዩን ቀረጻ እየወደቀ የሠራ መሐንዲስ ነበር፤ የፊልሙም ርዕስ ጁሊያን ከከሰከሳት አውሮፕላን ስም ጋር መግጠሙ ያስገርማል። ቦኒሽ በ1984 ኖርዌይ ውስጥ ከገደል ሲዘል ሞተ።

ዛሬ መሣሪያው ተለውጧል፤ መርሁ ግን ያው ነው። የራስ ካሜራ የሚያነጣጥረው በአንገት ነው። ከአንድ ዓይን ፊት ትንሽ የማነጣጠሪያ ቀለበት ይገጠማል፤ ፎቶ የሚያነሣው ካሜራ ደግሞ አፍ ውስጥ በሚያዝና በምላስ ወይም በጥርስ በሚነካ ማብሪያ ይተኮሳል፣ እጅ ሥራ ላይ ነውና። የቀራጩ ልብስ ከክንድ እስከ ወገብ ጨርቅ አለው፤ ክንዱን ሲዘረጋ ውድቀቱ ይዘገያል፣ ሲሰበስብ ይፈጥናል፤ ከሚቀርጸው ሰው ጋር እኩል የሚወርደው እንዲህ ነው። ጃንጥላው ሲከፈት የሚመጣው ድንገተኛ መሳብ የካሜራውን ክብደት አንገት ላይ ያባዛዋል። ገመድ ካሜራው ላይ ቢጠላለፍ ሄልሜቱን በአንድ እጅ ስቦ መጣል መቻል አለበት። የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ከ200 ዝላይ በፊት ካሜራ እንዳይታሰር የሚመክረው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ብዙ መስሎ ለሚታየው ሰው፦ ጀማሪ ካሜራውን ሲያስብ ከፍታውን ይረሳል።

ቡሬ ላይ ይህን ማድረግ የሚያምረው ሰው መጀመሪያ ሒሳብ ይሥራ። ቡሬ ራሷ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር በላይ ናት። በሌላው ዓለም የተለመደው መዝለያ ከፍታ ከመሬት 4,000 ሜትር ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 6,000 ሜትር ይሆናሉ። የአሜሪካ አቪዬሽን ሕግ ዘላዮች ከ4,572 ሜትር በላይ ተጨማሪ ኦክስጅን እንዲቀርብላቸው ያስገድዳል። ስለዚህ ወይ ኦክስጅን ይጫናል፣ ወይ ዝላዩ ዝቅ ብሎ አጭር ይሆናል። አየሩ ስስ ስለሆነ ውድቀቱ ይፈጥናል፤ የጃንጥላውም ማረፊያ ፍጥነት ከባሕር ዳርቻ ሜዳ ይልቅ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ወቅቱን የምመርጠው እኔ ብሆን ጥቅምትን እመርጣለሁ። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ኑጉ ቢጫ ነው፣ ጤፉ ገና አልታጨደም። በኅዳርና በታኅሣሥ የቡሬ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። የካቲትና መጋቢት አይመረጡም፤ አቧራና ጭስ አድማሱን ይውጡታል። ሰዓቱ ጥላ ረዘም ያለበት ማለዳ ይሁን፤ እኩለ ቀን ላይ ሸለቆው ይጠፋል።

ሌንስን በተመለከተ ብዙ ወጣት ቀራጮች ከሚወዱት እለያለሁ። ትንሿ የድርጊት ካሜራ ከትልቁ ትመረጣለች፣ ቀላል ናትና፤ ገመድ የመያዝ ዕድሏም ያነሰ ነው። እጅግ ሰፊው እይታዋ ግን ይዘጋ። እሱ አድማሱን እንደ ቀስት ያጎብጠዋል፤ የጎጃም ሜዳ ኳስ ይመስላል፣ ከ3,600 ሜትር በላይ ያለው የአማዳሚት ተራራም ጉብታ ይሆናል። ቀጥ ያለውን እይታ መምረጥ፣ ሹተሩን ማፍጠን፣ ብርሃኑን አስቀድሞ መቆለፍ ይሻላል፤ ካልተቆለፈ ዘላዩ ራሱን ወደ ሰማይ ባዞረ ቁጥር መሬቱ ይጨልማል።

በድሮን የተነሡ የቤተ ክርስቲያን ደን ፎቶዎች በዓለም መጽሔቶች ታይተዋል፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ስለ ደኖቹ የሠሩት ጥናትም በእነዚያ ምስሎች ታግዞ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። ድሮን ቆሞ ማየት ይችላል፣ ዘላይ አይችልም። ታዲያ የራስ ካሜራ ምን ይጨምራል? ከ4,000 ሜትር ተነሥቶ ጃንጥላው እስኪከፈት ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያሳየውም ያንን ነው። እኔ ዋጋ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ላሉት አራትና አምስት ደቂቃዎች ነው። ከ1,000 ሜትር ወደ ታች፣ ጃንጥላው ተዘርግቶ ራስ ሲረጋጋ፣ ስኬሉ ያለማቋረጥ ይለወጣል። በ1957ቱ ፎቶ ነጥብ የነበረው ጎጆ ይሆናል፣ ጎጆው ግቢና አውድማ ያወጣል፣ አውድማው ላይ በሬና ሰው ይታያል። ዘላዩ በዚህ ጊዜ ጓደኞቹን መቅረጽ ትቶ ዓይኑን መሬቱ ላይ ቢያደርግ፣ የቁልቁሉ ካሜራ ያልሰጠንን ሰው ፊልም ላይ ማስፈር ይችላል። ከመሬት 300 ሜትር ሲቀረው ግን ቀረጻውን ረስቶ ማረፊያውን ይይ።