ለቢስክሌት የሚመጥን ሞተር፤ የአንድ ምርጫ ታሪክ

በጥንታዊ መልክ ባለሞተር ቢስክሌት ለመሥራት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ስንት የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም የዚህን መጓጓዣ ታሪክ ለመረመረ ሰው በመጨረሻው ረድፍ የሚመደብ ሆኖ ይገኛል። ቀዳሚዎቹ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ይኸውም የሞተሩ ክብደት በቢስክሌቱ አካል ላይ የት ያርፋል? ኃይሉስ ወደ ጎማው በምን ይተላለፋል? የተገኘውን ፍጥነት የሚገታውስ ምንድን ነው? የሚሉት ናቸው። ያለፉት ትውልዶች ሠሪዎች የደከሙትም የወደቁትም በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በ1885 ዓ.ም. በጀርመን አገር የሠሩት ባለሞተር መንኰራኵር አካሉ ከእንጨት ሲሆን፣ 264 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚይዘው ሞተሩ የሚያፈልቀው ኃይል ግማሽ የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። እንዳይወድቅም በግራና በቀኝ ትናንሽ ደጋፊ ጎማዎች ተደርገውለታል። ዓላማው ሞተሩን ለመፈተን እንጂ ለመንገደኛ የሚሸጥ ዕቃ ለማውጣት አልነበረም። በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት በ1894 ዓ.ም. ከሙኒክ ከተማ የወጣው የሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ሥራ ነው። የዚህ ሞተር መጠን 1,489 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይደርስ ነበር፤ ዳሩ ግን በደቂቃ 240 ዙር ያህል ብቻ ስለሚሽከረከር ከዚያ ሁሉ ግዝፈት የተገኘው ኃይል 2.5 የፈረስ ጉልበት ነው። ፒስቶኖቹ በረጃጅም ዘንጎች አማካይነት በቀጥታ ከኋላው ጎማ ጋር የተያያዙ ስለነበሩ ለሞተሩ የግስጋሴ ሚዛን የሚሰጠው ያው የኋላ ጎማ ራሱ ነበር። በዚህም ምክንያት አነዳዱ ያልተስተካከለና አስቸጋሪ ሆነ፤ ምርቱም በ1897 ዓ.ም. ተቋረጠ።

ከዚህ ችግር መውጫ የሆነው ሞተርን ማግዘፍ ሳይሆን ማሳነስና ማፍጠን ነው። በፈረንሳይ አገር የዴ ዲዮን ቡቶን ድርጅት በ1895 ዓ.ም. ያዘጋጀው ሞተር መጠኑ 138 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ነበር። ነገር ግን ቅይጡ በጋለ ቱቦ መቀጣጠሉ ቀርቶ ከባትሪ በሚመጣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በተመጠነ ጊዜ እንዲቀጣጠል ስለተደረገ በደቂቃ እስከ 1,500 ዙርና ከዚያም በላይ ለመሽከርከር ቻለ። የሞተር ጉልበት የሚወሰነው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በዙሩም ብዛት በመሆኑ፣ ቀደም ሲል ለቢስክሌት የማይታሰበው ነገር የሚቻል ሆነ። ይህንኑ ሞተር ብዙ አምራቾች ከፊሎቹ ገዝተው፣ ከፊሎቹም ገልብጠው በየበኩላቸው ተጠቀሙበት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ የቦታ ጥያቄ ነበር። ትውልዳቸው ከሩሲያ የሆነው ወንድማማቾቹ ሚሼልና ዩጂን ቨርነር በ1897 ዓ.ም. በፓሪስ ባወጡት «ሞቶሲክሌት» ላይ ሞተሩን ከፊተኛው ጎማ በላይ፣ ከመሪው ፊት አኖሩት፤ ኃይሉም በጠፍር ወደ ፊተኛው ጎማ ይተላለፍ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ስለነበር ቢስክሌቱ በገበያ ተወደደ። ይሁን እንጂ ክብደቱ ከላይና ከፊት በመከማቸቱ በእርጥብ መንገድ ላይ ጎማው በቀላሉ ያንሸራትት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሥሪቶች ላይ በጋለ ቱቦ የሚቀጣጠል ሞተር ስለነበረም ነጂው ሲወድቅ ቤንዚኑ ከእሳቱ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ወንድማማቾቹ ከጊዜ በኋላ ቱቦውን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ተኩት፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ሞተሩን ፔዳል በሚገኝበት በታችኛው መካከለኛ ሥፍራ አስቀመጡት። የብዙ ሞተር ብስክሌቶች ሞተር እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው አካባቢ ይገኛል።

በዚሁ ዘመን በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ የነበረው የሚነርቫ ፋብሪካ ሌላ መንገድ ተከተለ። ይኸውም በማንኛውም ጠንካራ ቢስክሌት አካል ላይ ከፊተኛው ተዳፋት ብረት ሥር የሚታሰር፣ በቺንጊያ የኋላውን ጎማ የሚያዞር ትንሽ ሞተር አቀረበ። የእንግሊዙ ትራያምፍም በ1902 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌቱን የሠራው የሚነርቫን ሞተር በቢስክሌት አካል ላይ በማሰር ነው። ቺንጊያ ዝናብ ሲመታው ይንሸራተታል፤ በዳገት ላይም ነጂው በፔዳል ማገዝ ይኖርበታል። ሆኖም መንሸራተቱ ጥቅምም ነበረው፤ የሞተሩን ድንገተኛ ግፊት ስለሚያለዝብ ቀጭኑን የቢስክሌት አካል ከመሰበር ይጠብቀዋል።

የቢስክሌት አካል ምን ያህል እንደሚሸከምና ድንበሩ የት እንደሆነ በግልጽ የሚያሳየው የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን አጀማመር ነው። ዊልያም ሃርሊ በ1901 ዓ.ም. ንድፉን ያወጣለትና ከአርተር ዴቪድሰን ጋር የሠራው የመጀመሪያ ሞተር 116 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ በተለመደ የቢስክሌት አካል ላይ የሚቀመጥ ነበር። በ1903 ዓ.ም. ተጠናቆ ሲሞከር የሚልዋኪን ኮረብታዎች ያለ ፔዳል እገዛ ሊወጣ አልቻለም። ሠሪዎቹ ይህን እንደተረዱ 405 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚሆን ሞተር ሠሩ። ነገር ግን ሞተሩን ብቻ ለውጠው አልተዉትም፤ እርሱን አቅፎ የሚይዝ አዲስ ዓይነት አካልም አበጁለት። በዚያች ውሳኔ ሥራቸው ባለሞተር ቢስክሌት መሆኑ ቀርቶ ሞተር ብስክሌት ሆነ። ሞተሩ ሲያድግ አካሉም አብሮ ማደግ ነበረበት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤንዚንና ገንዘብ በጠፋበት ጊዜ ትንሹ ሞተር እንደገና ክብሩን አገኘ። በጃፓን አገር ሶይቺሮ ሆንዳ በ1946 ዓ.ም. ለጦር ሠራዊት የሬዲዮ መገናኛ ኤሌክትሪክ ያመነጩ የነበሩ ትርፍ ሞተሮችን ገዝቶ በቢስክሌት ላይ ገጠማቸው፤ እነርሱ ባለቁ ጊዜም በ1947 ዓ.ም. የራሱን ሞተር ሠራ። በዚያው በ1946 ዓ.ም. በፈረንሳይ ለገበያ የቀረበው ቬሎሶሌክስ 45 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነውን ሞተሩን ከፊተኛው ጎማ በላይ ተሸክሞ፣ ጎማውን በሚነካ ትንሽ ተሽከርካሪ በርሜል ይገፋው ነበር። የቨርነር አቀማመጥ እንዲህ ተመልሶ ሲመጣ ያልተወገዘው የሞተሩ ክብደትና ፍጥነት አነስተኛ ስለነበር ነው። በኢጣሊያም በቶሪኖ አልዶ ፋሪኔሊ የነደፈውና ዱካቲ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ያመረተው «ኩቾሎ» ማለትም «ቡችላ»፣ 48 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚይዝ ባለአራት ምት ሞተር ነበር። ሁለት ማርሽ ነበረው፤ ኃይሉንም የሚያስተላልፈው በቢስክሌቱ በራሱ ካቴና ነው።

ዛሬ በጥንታዊ መልክ የሚሠራ ሰው ከፊቱ የሚቀርቡለት አማራጮች ከእነዚህ የሚርቁ አይደሉም። በርካሽ የሚገኘው ባለሁለት ምት ሞተር ቀላልና ለቢስክሌት አካል የሚመች ቀጭን ነው፤ ነገር ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር እንዲቀላቀልለት ይጠይቃል፣ ድምፁና ንዝረቱም ይበዛል። ገዢው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በገበያ «80» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ በልክ ሲሰሉ 66 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ናቸው። ባለአራት ምቱ ሞተር የረጋና ነዳጅ ቆጣቢ ሲሆን፣ ወርዱ ሰፊ ስለሆነ ፔዳሉን እንዳይነካ አስቀድሞ መለካት ያሻል። በብዙ አገሮች ሕግ 50 ሴንቲ ሜትር ኩብ ወሳኝ ድንበር መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ፍሬን ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ቢስክሌት የተሠራ ፍሬን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚበርን ነጂ ከነሞተሩ ክብደት ሊያድነው አይችልም። ስለሆነም ለጥንታዊ መልክ የሚመረጥ ሞተር አካሉ የሚሸከመው፣ ጎማው የሚችለውና ፍሬኑ የሚገታው ሊሆን ይገባል። ከዚህ የበለጠ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ሃርሊና ዴቪድሰን እንዳደረጉት አዲስ አካል ይሥራ፤ አለዚያም በፔዳሉ እያገዘ ዳገቱን ይውጣ።