ፊደላችን በኮምፒዩተር፤ ከተዘጋ ደጅ ወደ ጋራ አደባባይ

ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበና ወንዝ ከትልቁ አቃቂ ጋራ እስኪገናኝ ድረስ የብዙ ምንጮችን ውሃ ይሰበስባል። የዕውቀትም ታሪክ እንዲሁ ነው፤ የኮምፒዩተር ፊደላችን ጉዞ ለዚህ ምስክር ይሆነናል። ዘመናቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

በ1990ዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝን የመሰሉ የንግድ ፕሮግራሞች መሥሪያ ቤቶቻችንን አገልግለዋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ድርጅት ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ቀበና የተጻፈ ደብዳቤ አራት ኪሎ ሲደርስ፥ ያው ፕሮግራም ከሌለ የምልክት ክምር ከመሆን አያልፍም። ፕሮግራሙ ከገበያ ሲጠፋም መዝገቡ አብሮ ዲዳ ይሆናል።

በዚያው ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ፊደል የሚወክለውን «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ለሁሉ ገልጠው አወጡ። ሥርዓቱ ስላልተሸሸገ፥ ታካሃሺ ናኦቶ የተባሉ ጃፓናዊ ኢማክስ በሚባለው ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም ፊደላችንን አስገቡበት። በ1999 ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ኩባንያዎች የተባበሩበት ዩኒኮድ፥ በ3.0 እትሙ ለ345 ፊደላትና ምልክቶቻችን አንድ የጋራ ቁጥር ሰጠ።

በሰፊው ዓለምም ነጋዴዎች ይህንኑ ተምረዋል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የነጻ ፕሮግራም ሐሳብ አነሡ፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን አወጡ፤ ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያም በ1998 የፕሮግራሙን ምንጭ ለሁሉ ከፈተ። ትርፋቸውን ከምስጢር ሳይሆን ከአገልግሎትና ከሙያ የሚያገኙ ድርጅቶች ከዚያ ወዲህ በዙ። ጉግል ኖቶ የተባለውን የፊደል ቅርጽ፥ ግዕዝን ጨምሮ፥ በክፍት ፈቃድ ለቀቀ። የአገራችን ፋይዳ መታወቂያም ሞሲፕ በተባለ ክፍት መሠረት ላይ ቆሟል።

የሆነ ሆኖ ክፍት ማለት ዋጋ ቢስ ማለት አይደለም፤ የደከመ ሰው እንጀራውን ማግኘት አለበት። ለአገራችን ድርጅቶች የምንመክረው፥ የሁሉ የሆነውን መሠረት በጋራ እንዲሠሩና የየራሳቸውን ብልኀት በላዩ እንዲሸጡ ነው። ለዚህም የለውጡን ሁሉ ምክንያት መመዝገብ፥ የባዕድን እርማት መርምሮ መቀበልና የአጠቃቀሙን ፈቃድ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤቶችም ፕሮግራም ሲያሠሩ፥ ሠሪው ቢሄድ መዝገቡ የሚነበብ መሆኑን በውሉ ያረጋግጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ዘመን ተናግረዋል።